ሁለቱም ፊደላት ሲጠፉ እኩልዮሹ ምን ይነግረናል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ለምትማረው እኅቴ ሁለት ቀጥተኛ እኩልዮሾችን በማስወገድ ዘዴ መፍታትን ሳስረዳት፣ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ የቤታችን ነገር ይሻላታል ብዬ ከቅዳሜ ገበያ የመጣውን እህል ወሰድሁ። እናቴ 2 ኪሎ ሽንብራና 3 ኪሎ ምስር በ740 ብር ገዛች፤ አክስቴ ደግሞ ከዚያው ነጋዴ 4 ኪሎ ሽንብራና 6 ኪሎ ምስር በ1,450 ብር ገዛች። የሽንብራውን የኪሎ ዋጋ «ሽ»፣ የምስሩን «ም» ብለን እንዲህ ጻፍን፦

2ሽ + 3ም = 740
4ሽ + 6ም = 1,450

የመጀመሪያውን በ2 አባዝተን ሁለተኛውን ስንቀንስለት ሽም ምም ጠፍተው 0 = 30 ቀረ። ሦስት ጊዜ ደግመን ሠራነው፤ ያው ነው። የተሳሳትነው የቱ ላይ ነው?

መልስ፣ የሒሳብ መምህር ከማራኪ፦
ስሌታችሁ ላይ ስሕተት የለም። 0 ከ30 ጋር እኩል ሊሆን ስለማይችል፣ ሁለቱን እኩልዮሾች በአንድነት እውነት የሚያደርግ ዋጋ የለም ማለት ነው፤ በግራፍ ብትስሏቸውም የማይገናኙ ትይዩ መስመሮች ይሆናሉ። አክስትዎ የገዙት ልክ የእናትዎን እጥፍ ሆኖ ሳለ የከፈሉት ከእጥፉ፣ ማለትም ከ1,480 ብር፣ በ30 ብር ያነሰ ነው። ነጋዴው ብዙ ስለገዙ ሳይቀንስላቸው አልቀረም።

ይልቁን እኅትዎ ልብ እንድትል የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ቅናሽ ባይኖር ኖሮ 0 = 0 ይመጣ ነበር፤ ብዙ ተማሪዎችም ይህን ሲያዩ «መልሱ ዜሮ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ሁለተኛው እኩልዮሽ የመጀመሪያውን ደገመው እንጂ አዲስ ነገር አልነገረንም። ሽ 100 እና ም 180 ቢሆኑ ይሠራል፤ ሽ 130 እና ም 160 ቢሆኑም ይሠራል፤ መፍትሔው ስፍር ቁጥር የለውም።

መልስ፣ ከፒያሳ፦
እንግዲያውስ የሁለቱ እህል መጠን በሌላ ድርሻ የተገዛበትን ፈልጉላት። ለምሳሌ ጎረቤት 3 ኪሎ ሽንብራና 1 ኪሎ ምስር በ480 ብር ገዝተው ቢሆን፣ ም = 480 − 3ሽ ይሆናል። ይህን በእናትዎ እኩልዮሽ ስንተካው፦

2ሽ + 3(480 − 3ሽ) = 740

እዚህ ላይ 3ቱ ቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ማባዛት አለበት። 480ን ብቻ አባዝቶ 3ሽን እንዳለ የተወ ተማሪ ሽንብራውን በኪሎ 700 ብር ያደርገዋል፤ የምስሩም ዋጋ ከዜሮ በታች ይወርድበታል። በትክክል ሲባዛ 1,440 − 7ሽ = 740 ይሆንና ሽ 100፣ ም 180 ይወጣል።

መልስ፣ የምሕንድስና ተማሪ፦
ከመፍታታችሁ በፊት የፊደላቱን አባዢዎች አመሳቅላችሁ አባዙ። በእናንተ ጥያቄ 2 × 6 እና 3 × 4 ሁለቱም 12 ናቸው፤ እኩል ከሆኑ ብቸኛ መፍትሔ አይኖርም። በጎረቤቲቱ ግን 2 × 1 እና 3 × 3 ስለሚለያዩ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቴን ስጠይቃት፣ ነጋዴው በእርግጥ 30 ብር እንደቀነሰላት ነገረችኝ። እኅቴም የጎረቤቲቱን ጥያቄ አሁን በማስወገድ ዘዴ እየሞከረችው ነው።