የዩኒቨርሲቲ ተማሪን እንግሊዝኛ ማንበብ ማን ያስተምረው?

የባዮሎጂ መምህር (ክርክሩን የከፈተ)፦
ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ገጹ በእርሳስ ጠቁሯል፤ ከእንግሊዝኛው ቃላት በላይ የአማርኛ ፍቺ ተደርድሯል። አረፍተ ነገሩ የሚለው፣ ጠባቂ ሴሎቹ ውሃ ካልወሰዱ የቅጠሉ ቀዳዳዎች አይከፈቱም ነው። ተማሪው የተረዳው ግን «ውሃ ከወሰዱ አይከፈቱም» ብሎ ነው። ፍቺ ሳይጻፍባት የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አንለስ» (unless)፣ እዚህ ቦታ «ካልወሰዱ» ውስጥ ያለውን «ካል-» የምትሰጠው። ትንሽ ስለሆነች መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊፈልጋት አልሞከረም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ገጽ ሲያነብ ያድራል። ብዙ ባልደረቦቼ «ይህ የእንግሊዝኛ ክፍል ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ የባዮሎጂን መጽሐፍ ማንበብ ማስተማር ያለበት የባዮሎጂ መምህር ነው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
መምህር፣ ለተማሪዎ ያለዎትን አሳቢነት አከብራለሁ፤ በሐሳብዎ ግን አልስማማም። ንባብ ማስተማር ሙያ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አማርኛ አንባቢ ግሡን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለምዷል። «ትናንት ከጎንደር የመጣው መምህር» ስንል ገላጩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድምና ገላጩን ከኋላ ያስከትላል፤ ባለቤቱና ዋናው ግሥ አንዳንድ ጊዜ በሁለት መስመር ይራራቃሉ። ተማሪዬ መሐል ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ግሥ ዋና ግሥ አድርጎ ይይዝና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይምታታበታል። ይህን የቋንቋ ሰው ካልሆነ ማን አይቶ ያርመዋል?

ቃላትም አሉ። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) አሉት፤ በየትኛውም የትምህርት መስክ የሚደጋገሙ ናቸው፣ ከአካዳሚክ ጽሑፍም አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። የባዮሎጂ መምህር «ስቶማታ»ን (የቅጠሉን ቀዳዳዎች) ያብራራል፤ እነዚህን ግን ተማሪው ያውቃቸዋል ብሎ ያልፋል። የጎደለን ራሱን የቻለ የንባብ ኮርስ ነው። አሁን ያሉት ሁለት የኮሚዩኒኬቲቭ እንግሊዝኛ ኮርሶች ማዳመጡንም፣ መናገሩንም፣ መጻፉንም ስለያዙ ለንባብ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ።

የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ማንም መጽሐፍ አንብቡ ብሎን አያውቅም። ስላይድ ይላክልናል፣ ፈተናው ከስላይዱ ይወጣል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ ትራሴ ሥር ነበር።

ሜሪላንድ የምትኖር የነርሲንግ ተማሪ፦
እኔ አዲስ አበባ 11ኛ ክፍል ጨርሼ ነው አሜሪካ የመጣሁት። የገባሁበት ኮሌጅ የምደባ ፈተና ሰጥቶ ለሁለት ዓመት የንባብ ኮርስ ብቻ አስተማረኝ፤ ለዲግሪ የሚቆጠር አንድ ክሬዲት አላገኘሁም። ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ጉዞ አጫጭር ምንባቦች አነበብን፣ «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ አከበብን። አናቶሚ ስጀምር መጽሐፉ ጭራሽ ሌላ ቋንቋ ሆነብኝ። ከእኔ ጋር ከገቡት አበሾች ሦስቱ እዚያ ሳይደርሱ ሥራ ብቻ ይዘው ቀሩ። እናም መምህርት፣ ራሱን የቻለ ኮርስ ሲባል እፈራለሁ።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ያለው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሌላ መንገድ ሄዷል። ደካማ የተባለው ተማሪ መደበኛውን የእንግሊዝኛ ኮርስ ከሌሎቹ ጋር ይወስዳል፤ ከዚያው መምህር ጋር ደግሞ በትንሽ ቡድን ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አለው። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆች ተማሪን በዝቅተኛ ኮርሶች እንዳያቆዩ አስገድዳለች። እንግሊዝኛ ለሚማሩት የተሰጠው ጊዜ ረዘም ያለ ነው፤ እሱም ቢሆን ወሰን ተበጅቶለታል።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ ሥሩን ተዋችሁት። ከ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና፣ ቢበዛ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ለምን ዩኒቨርሲቲውም በአማርኛ አያስተምርም?

የባዮሎጂ መምህር፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ እኔም ሳስበው የኖርኩት ነው። ነገር ግን ከፊቴ ከተቀመጡት ልጆች አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ የፈቱ አሉ። በአማርኛ ባስተምር ገሚሱን ከአንድ ባዕድ ቋንቋ ወደ ሌላ ማዛወሬ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን በሪሚዲያል (በአቅም ማሻሻያ ትምህርት) በኩል የሚመጡልን ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የፖሊሲ ለውጥ እስኪመጣ ሊጠብቁ አይችሉም።

መምህርት፣ ስለ ገላጩና ስለ ግሡ የጻፉት ዓይኔን ገልጦልኛል፤ 14 ዓመት ሳስተምር አላስተዋልኩትም። የእህታችንን ታሪክ ሳነብ ግን አቋሜ ጸና። ስለዚህ ከሚቀጥለው ረቡዕ ጀምሮ ከክፍለ ጊዜዬ 20 ደቂቃ ለአንድ አንቀጽ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ዝም ብለው ያነባሉ፣ ዋናውን ግሥ ያሰምሩበታል፣ «አንለስ»ንና «ሃውኤቨር»ን (however፣ «ይሁን እንጂ») የመሳሰሉትን ያከብባሉ። ከዚያ በሚቀናቸው ቋንቋ በቡድን ይከራከራሉ፣ የተረዱትንም በአንድ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ይጽፋሉ።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
በ60 ተማሪ ክፍል 60 አረፍተ ነገር ማን ያርማል? ፈተናው ከስላይድ እስከወጣ ድረስስ ማን ከልቡ ያነባል? የምህንድስናው ተማሪ ያለው ይኼንኑ ነው። ኮርስ ያስፈልጋል የሚለውን ሐሳቤን አልለወጥኩም።

የባዮሎጂ መምህር፦
ከመጽሐፉ እንጂ ከስላይዱ የማይገኙ ሁለት ጥያቄዎች አጋማሽ ፈተናው ላይ አስገባለሁ፤ ለተማሪዎቹም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እርማቱን ብቻዬን አልችለውም። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍል ከሌለዎት ይምጡና አብረን እንየው።