መረቤን የእምቦጭ አረም እየወሰደብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ጣና ላይ፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ከርብ ወንዝ መግቢያ ብዙም ሳልርቅ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። ማታ መረብ እጥላለሁ፣ ሊነጋጋ ሲል በታንኳ ወጥቼ አነሳለሁ። ቀረሶና አምባዛ ነው የማወጣው።

ባለፈው ሳምንት ነፋስ ሲነፍስ ያደረ ዕለት፣ ቦታው ስደርስ ለምልክት ያሰርኳት ቢጫ ጀሪካን የለችም። ለካ እምቦጩ መረቡን ከነድንጋዩ ጎትቶ ዳር አድርሶታል። ሥሩ ጥቁር ጢም ነው የሚመስለው፤ በየዓይኑ ገብቶ ተጠምጥሟል። ስስበው መረቡ ተቀደደ፣ በቢላ ስቆርጠው ክሩም አብሮ ሄደ። አላቅቄ ስጨርስ ረፋድ ሆኖ ዓሣው ፀሐይ መትቶት ሆዱ ተነፍቷል። ማን ይገዛኛል?

ድንጋይ ጨምሬ ወደ ታች ባሰጥመው አምባዛ ይይዝልኝ ይሆናል። ቀረሶ ግን ዳር ዳሩን ነው የሚውለው፣ እምቦጩም እዚያው ነው። አንድ ጎረቤቴ «በአንድ ጫፉ ብቻ እሰረው፣ ከነፋሱ ጋር ይዙር» ይለኛል። ሞክሮ ያየ አለ? ፀሐይ ላይ ባሰጣውስ ሥሩ ደርቆ ይረግፋል ወይስ ክሩን ይጎዳዋል?

ቀጭኑን የላስቲክ መረብ ግዛ እንዳትሉኝ ብቻ። ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጫጩቱን ሁሉ ነው የሚጠርገው። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጣ በዚያ መረብ የወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቁትን አይቻለሁ፣ አልወደድኩትም።

የቀረኝ መረብ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ልጣለው ወይስ ነፋሱ እስኪበርድ ልጠብቅ?