ማኅበረ ምዕመናናችን 50 ዓመት ሊሞላው ነው፤ በቀኑ፣ በካርቶኑና በወጡት ሰዎች ጉዳይ እርዱኝ

አዲሷ የኮሚቴ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሉተራውያን ነን። ማኅበረ ምዕመናናችን በሚመጣው ዓመት 50ኛ ዓመቱን ያከብራል። የኢዮቤልዩ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

አንዱ ቀኑ ነው። ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ «የተመሠረትነው ሰው ቤት ተሰብስበን ማምለክ ስንጀምር ነው» ይላሉ። ገሚሶቹ «የለም፣ ሕንፃው ሲመረቅ ነው» ብለው ድርቅ ብለዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ዓመታት አሉ።

ሁለተኛው ቢሮ ጥግ የተቀመጠ ካርቶን ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የጥምቀት መዝገብ፣ በፕላስተር የተለጣጠፉ ፎቶዎች አሉበት። ከዚህ መጽሔት አውጡ ተብለናል።

ሦስተኛው ይከብዳል። ከዓመታት በፊት ጠብ ተነስቶ ብዙ ሰው ወጥቷል። የወጡት ዛሬ ሌላ ቦታ ያመልካሉ። ኮሚቴው ውስጥ «በበዓል ቀን ቁስል አይነካም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያንን ዘመን ዘልዬ ታሪክ ልጽፍ አልቻልኩም። እንጥራቸው ወይ? ከጠራንስ እንዴት?

የድሮ ጸሐፊ

ልጄ፣ ቀኑን በድምፅ ብልጫ አትወስኑ፤ ወረቀት ፈልጉ። መጀመሪያ የጥምቀት መዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ተመልከቺ። ቀጥሎ ሽማግሌዎች የተመረጡበትን፣ መተዳደሪያ ደንቡ የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ።

እኛ ሉተራውያን ለዚህ መለኪያ አለን። የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 7 ቤተ ክርስቲያንን ወንጌል በንጽሕና የሚሰበክበት፣ ምሥጢራትም በትክክል የሚሰጡበት የቅዱሳን ጉባኤ ነው ይላታል። ስለ ግድግዳና ጣሪያ ምንም አላለም። ሰነዱ ራሱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1530 በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ፊት ሲነበብ ሉተር አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ከሕግ ጥበቃ ውጭ የተደረገ ሰው ስለነበር ኮቡርግ ምሽግ ቀርቶ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ያረቀቀው የሥራ ባልደረባው ሜላንክቶን ነው።

ስለዚህ ቃሉ ተሰብኮ፣ ጥምቀት ወይም የጌታ እራት ከተሰጠበት ዕለት ብትቆጥሩ የሚያሳፍር አይደለም።

ግንበኛው

ጋሼ ልክ ነዎት፤ ሕንፃውን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለፉት። ሰው ካለችው ቀንሶ ነው ያቆመው። ሉተርም ቢሆን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1544 ጀርመን አገር ቶርጋው ቤተ መንግሥት የተሠራውን አዲስ ጸሎት ቤት ስብከት ሰብኮ መርቋል። ያለው ባጭሩ፣ ጌታ በቃሉ ከሚያናግረን፣ እኛም በጸሎትና በምስጋና ከምንመልስለት በቀር በዚህ ቤት ሌላ ነገር አይደረግ ነው። ምረቃው የራሱ ገጽና የራሱ ፎቶ ይሰጠው። 50ው ግን ከአንዱ ቀን ይቆጠርና ለምን እንደተመረጠ መጽሔቱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ። ያኔ ጭቅጭቁ ይበርዳል።

መዝገብ ቤት የምሠራ

ወደ ካርቶኑ ልምጣ። ፕላስተሩን እንዳትላጪው! ሙጫው ከፎቶው ፊት ጋር ተጣብቋል፤ ስትስቢው የሰው ፊት ይዞ ይነሳል። እንዳለ ስካን አድርጊው። ለትንንሽ ፎቶ የስካነሩን ጥራት (ዲፒአይ የሚለውን) 600 ላይ አድርጊ፤ ለጽሑፍ 300 ይበቃል። ጀርባውንም ስካን አድርጊ፤ ስምና ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የዛጉ አግራፎችን ቀስ ብለሽ አውጪ። በእስክርቢቶ ምንም አትጻፊ፤ ለስላሳ እርሳስ ብቻ። ላሚኔት የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጊበት። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር። የጥምቀት መዝገብ ገጽ እንዳለ መጽሔት ላይ አይወጣም። እዚያ ውስጥ የአባት ስም ባዶ የተተወበት ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ከፊት ወንበር ሊቀመጥ ይችላል። የተግሣጽ ቃለ ጉባኤም እንደዚያው። ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ በየአሥር ዓመቱ ስንት ተጠመቀ፣ ስንት የማጽናት ሥርዓት ተፈጸመለት፣ ስንት ተጋባ። ያ በራሱ ታሪክ ነው።

ወጥቶ የነበረ

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ፤ ያለፍኩበት ነገር ነው።

ካርድ አትላኩ። «ክቡር እንግዳችን» የሚል ካርድ ሲደርሰኝ የተሰማኝን አልነግርሽም። የጣሪያውን ቆርቆሮ የተሸከምኩበት ቤት እንግዳ አድርጎ ጠራኝ! ሁለት ሽማግሌ በአካል ይሂዱ። የሚሄዱት ደግሞ ፕሮግራሙ ከታተመ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታሰብ ነው። ሰው በተዘጋጀ ነገር ላይ ሲጠራና አብሮ እንዲያዘጋጅ ሲጠራ ልዩነቱን ያውቃል።

ጠንቃቃው

እኔ ከኮሚቴው ጋር ነኝ። ይምጡ፣ ችግር የለውም። ግን ማይክ ተከፍቶ «ያኔ እንዲህ ተብዬ ነበር» ከተጀመረ በዓሉ አለቀ። የእኛን አይቻለሁ፤ ምስጋናው ቀርቶ የድሮው ስብሰባ ካቆመበት ቀጠለ።

ወጥቶ የነበረ

ማይኩ ላይ እንስማማለን። ነገር ግን ዝም ማለትና በሥርዓት መናገር ይለያያሉ። ሉተር የጀመረው ተሐድሶ 100ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1617 ሲከበር ከስብከቱ ብዙው ሌላውን ወገን መውቂያ ነበር። 500ኛው ሲቃረብ ግን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2016፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስዊድን አገር ሉንድ ካቴድራል ውስጥ አብረው ጸለዩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጳጳስ ሙኒብ ዩናን አብረው መሩት። ሉንድ ደግሞ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተበት ከተማ ነው። ጸሎቱ መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ ንስሐ፣ ከዚያ አብሮ ለመሥራት ቃል መግባት ነበር። ማንም ተነስቶ የግል ቂሙን አልዘረዘረም። ንስሐው ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገን አይቶት፣ በጋራ የተነበበ ነው። ለ500 ዓመት ጠብ የበቃ ሥርዓት ለእናንተም አያንስም።

መጽሔቱ ላይም አንድ አንቀጽ ይበቃል። በዚህ ዓመት ተለያየን፣ ጉባኤው ይህን ወሰነ፣ እነ እገሌ ሳይባል። ከመታተሙ በፊት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ያንብበው። «ጠላት ዲያብሎስ ገብቶ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውጧት፤ ሁሌም ሌላው ወገን ነው ዲያብሎስ የገባበት የሚመስለው።

መዘምሯ

ስለ አምልኮው ማንም አላነሳም እኮ! በብዙ ሉተራውያን ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ምሥረታ በዓል ቀለሙ ቀይ ነው፤ እንደ ጰንጠቆስጤ። ለንባብ መዝሙር 84 እና 1ኛ ጴጥሮስ 2 በጣም ይሄዳሉ፤ «ሕያዋን ድንጋዮች» የሚለው እዚያ ነው። የጌታ እራት አይቅር። ንግግር ግን ቀንሱ፤ ሰው ሁሉ «ሁለት ደቂቃ» ብሎ ይነሳና ሰዓት ይፈጃል።

መዝሙርም አታብዙ። የመጀመሪያው የሉተራውያን መዝሙር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1524 ሲወጣ 8 መዝሙር ብቻ ነው የነበረው። ከየዘመኑ አንድ አንድ ይበቃል። የድሮ መዘምራንን ሰብስቡ፤ ድምፃቸው ቢሰነጠቅም ግጥሙን ከልባቸው ያውቁታል። ደግሞ ለድግስ ብላችሁ አትበደሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን 25 ኢዮቤልዩ የተሸጠው ርስት የሚመለስበት፣ ባሪያው ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነው እንጂ ዕዳ የሚገባበት አይደለም።

አዲሷ የኮሚቴ ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ መዝገቡን አየሁት፤ የመጀመሪያው ጥምቀት የተመዘገበው ከሕንፃው በፊት ነው። ለሽማግሌዎቹ አሳይቻቸዋለሁ፣ ለጊዜው ዝም ብለዋል። የሉንዱን ሥርዓት ቄሳችን ወደውታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶ ላይ ያሉትን ሰዎች ከኛ ዘንድ የሚያውቃቸው የለም። የሚያውቁት አንዲት እናት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከወጡት ወገን ናቸው። ካርቶኑን ይዤ ቤታቸው ልሂድ?

መዝገብ ቤት የምሠራ

ሂጂ፣ ካርቶኑን ግን አታንቀሳቅሺ። ስካን ያደረግሽውን አሳትመሽ ውሰጂ፤ ለዓይናቸው እንዲመች ትልልቅ አድርጊው። በእያንዳንዱ ሰው ላይ ቁጥር ጻፊና ስሙን በሌላ ወረቀት መዝግቢ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ድምፃቸውን በስልክ ቅጂ፤ ስም ሲጠሩ ታሪኩን ማስከተላቸው አይቀርም። ከሽማግሌዎቹም አንዱን ይዘሽ ሂጂ።

ወጥቶ የነበረ

ድርቅ ካሉት አንዱን ውሰጂ።