ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ምርመራን ለ7ኛ ክፍል እንዴት ላሳይ?

መምህርት ከደሴ

ሰላም ናችሁ። 7ኛ ክፍል ሳይንስ ነው የማስተምረው። ድብልቅን መለየት ላይ ደርሰናል። ማበጠሩንና ማጥለሉን ልጆቹ ከቤት ያውቁታል፤ እናታቸው ምስር ስታበጥር፣ ሻይ ስታጠል እያዩ ነው ያደጉት። ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ወረቀት ፈሳሽ ስቦ ሲወጣ የተቀላቀሉ ቀለሞች ለየብቻ የሚወጡበት ዘዴ፣ ስል ግን ግራ ገባቸው። ስለዚህ የወንጀል ምርመራ አስመስዬ ላመጣው አሰብኩ። አንድ ተማሪ 38 አግኝቷል እንበል፣ ወረቀቱ ላይ ግን 88 ይላል፤ አንድ ሰው 3ቷን በጥቁር እስክሪብቶ 8 አድርጓታል። ሦስት ተጠርጣሪ፣ ሦስት እስክሪብቶ። በየትኛው ተጻፈ?

ትናንት ማታ ቤት ሞከርኩት። ሶፍት ቆረጥኩ፣ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግኩበት፣ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ሶፍቱ ተልፈሰፈሰ፣ ነጥቧ ግን እዚያው ቁጭ። ላብራቶሪ የለንም፣ ማጥለያ ወረቀትም የለም፣ ልጆቹ ደግሞ 60 ናቸው። እባካችሁ መላ በሉኝ።

የኬሚስትሪ ቲቸር፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ አላጠፋሽም። ተራ እስክሪብቶ ቀለሙ ቅባትነት ስላለው ውሃ አያሟሟውም። ፋርማሲ የሚሸጠውን 70 በመቶ አልኮል ሞክሪ፤ መስኮት ክፈቺ፣ እሳትም ሻማም አጠገቡ አይኑር። በውሃ መሥራት ከፈለግሽ ልጆች ሥዕል የሚቀቡበትን ጥቁር ማርከር ውሰጂ። ጄል እስክሪብቶ ላይ አትድከሚ፤ የብዙዎቹ ቀለም ሳይሟሟ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ በአልኮልም አይሄድም።

መነሻውን መስመር በእርሳስ አስምሪ፣ እርሳስ አይሟሟም። ነጥቧ ትንሽ ትሁን፣ ከፈሳሹ በላይ ትቀመጥ። ፈሳሹ ውስጥ ከገባች ቀለሙ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ብርጭቆው ውስጥ ይበተናል። እኛ ጋ ሙቀት ስለሆነ አልኮሉ ቶሎ ይተናል፣ ብርጭቆውን እከድነዋለሁ። አንቺም ክደኚው።

ለምን እንደሚለያይ እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው በጨርቅ ነው፣ ከተማችን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ስላለው ነገሩ ይገባቸዋል። ወረቀትም ጥጥም ሴሉሎስ ናቸው። ጨርቅ አጥብቆ የሚይዘው ቀለም አለ፣ አንዴ ሲታጠብ የሚለቅም አለ። ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ነው፦ ወረቀቱን የሚወደው ወደኋላ ይቀራል፣ አሟሚውን የሚወደው አብሮት ሽቅብ ይሮጣል።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ማጥለያ ወረቀት የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። ጠመኔ አለሽ አይደል? ነጭ ጠመኔ ውሰጂና ከግርጌው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብለሽ በማርከር ዙሪያውን አክቢበት። ክዳን ላይ ትንሽ ውሃ አድርገሽ አቁሚው። ውሃው ጠመኔውን እየሳበ ሲወጣ ጥቁሩ ቀለበት ይበተንና ሰማያዊው፣ ሐምራዊው፣ ቢጫው ለየብቻ ይወጣል። 60 ልጅ ቢሆን 60 ጠመኔ ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ደግሞ ዘዴው ሲጀመርም በጠመኔ ነበር። ሚካኢል ፅቬት የሚባል የእጽዋት ተመራማሪ የቅጠል ቀለሞችን የለየው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በጠቀጠቀው የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ነው። ክሮማቶግራፊ ብሎ የሰየመው በ1906 በፈረንጆቹ ነው። ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ነው። የሰውየው የአባት ስም በሩሲያኛ ቀለም ማለት መሆኑን ንገሪያቸው፣ አይረሱትም።

ፍርድ ቤት አካባቢ የምሠራ

ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር አደራ። ቀለሙ ተመሳሰለ ማለት ያው እስክሪብቶ ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ብዙ እስክሪብቶዎች አንድ ዓይነት መስመር ይሰጣሉ። ከተለያየ ግን 8ቷን የሞላው ያ እስክሪብቶ አይደለም ማለት ይቻላል። ሰውን ነጻ ለማውጣት የሚጠቅመው ከመወንጀያው ይበልጣል፣ ልጆቹ ይህን ካልያዙ ያንን ምስኪን ተጠርጣሪ ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ይሉታል።

ናሙናውንም 8ቷ ከተጨመረባት በግራ በኩል ብቻ ውሰዱ፣ ከድሮው 3 ጋር ከተቀላቀለ ውጤቱ ይበላሻል። በዓይን ብቻ አታወዳድሩ፣ በማስመሪያ ለኩ። ቀለሙ 6 ሴንቲሜትር ሄዶ አልኮሉ 8 ከሄደ፣ 6 ለ8 ሲካፈል 0.75 ይሆናል። ያ ቁጥር የሚወዳደረው ወረቀቱም አሟሚውም አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

መምህርት ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ጋሼ፣ ጠመኔውን ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። መጀመሪያ ጥቁሩ ዳር ዳሩ ላይ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ሰማያዊው ብቻውን ጥሎት ሄደ። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ቆሞ «ጥቁሩ የት ሄደ?» አለኝ። ክፍል ውስጥም ትምህርቱን በዚችው ጥያቄ ነው የምጀምረው። በአልኮሉም ነጥቧ ተንቀሳቅሳለች፣ እዚህ ብርድ ስለሆነ ወረቀቱ ለመድረቅ ትንሽ ቆየ እንጂ።

ለተጠርጣሪዎቹ ሦስት እስክሪብቶ ገዝቻለሁ። ሁለቱ ከአንድ ፓኬት የወጡ ናቸው፣ ይህን ግን ለልጆቹ አልነግራቸውም።