ስድስት ኪሎ ግቢ የአካፔላ ቡድን ልንጀምር ነው፤ ምክር እንሻለን

ጀማሪ_ድምፅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አካፔላ፣ ማለትም ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ፣ ልናዜም 14 ነን፤ 9 ወንድ፣ 5 ሴት። ድምፁን እንዴት እንከፋፈል? በትዝታ ቅኝት ስናዜም መጨረሻ ላይ ከጀመርንበት ወርደን እንገኛለን፤ ለምን ይሆን? የአሜሪካ ኮሌጆች የቆዩ ቡድኖችስ ተማሪው እየተመረቀ እንዴት ዘለቁ?

ቤዝ_ክፍል፦ ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ) 3፣ አልቶ (ዝቅተኛ የሴት) 2፣ ቴነር (ከፍተኛ የወንድ) 4፣ ቤዝ (ዝቅተኛ የወንድ) 5 ይሁን። መሪ ድምፅ ከአልቶ አታውጡ፤ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።

የመውረዱ ነገር ዋና ምክንያቱ ቁልቁለቱ ነው። ከላ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሚ ሲወረድ ድምፅ ከሚገባው በላይ ዝቅ ይላል፤ ሲወጣ ደግሞ ሳይደርስ ይቀራል። አንዱ ሚን ከልኩ ዝቅ ካደረገ ሌላው እሱን ይከተላል። መድኃኒቱ፦ ቤዞች ዶና ሶልን በ«ኡ» ይዘው ይቆዩ፣ ሌላው በዝግታ ያዚም። በስልክ ቱነር (የድምፅን ልክ በሚያሳይ መተግበሪያ) የምታረጋግጡት በየስንኙ ማብቂያ እንጂ ዘፈኑ ሲያልቅ አይደለም። ካልተስተካከለ መነሻ ድምፁን ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ይረጋል። ደረጃ ሥር ወይም ባዶ አዳራሽ ውስጥ አትለማመዱ፤ ማስተጋባቱ ስሕተትን ይሸፍናል።

የክራር_ጣት፦ በዚህ ላይ ሃርመኒውን (የድምፆቹን ጥምረት) እዩት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ሶል-ሲ-ሬ የሚለውን የተለመደ ኮርድ (በአንዴ የሚሰሙ ድምፆች) ካስገባችሁ ሲ ትመጣና የቅኝቱ ጣዕም ወዲያው ይጠፋል። ሶልና ሬን ብቻ ያዙ፤ ክፍት ሆኖ ያምራል። አንቺሆዬ ቅኝትን ለጊዜው ተዉት፤ እዚያ ሶል ራሱ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚል ከዶ ጋር የሚያሳርፍ አምስተኛ (የዶና የሶል ጥምረት) የለም። ቅላፄ ለመሪው ብቻ ይሁን፤ 14 ሰው በአንዴ ካቀለጸ ዜማው አይለይም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሩቅ አይደለም፤ መሰንቆ የሚያውቅ ተማሪ ቅኝቱን እንዲያስይዛችሁ ጠይቁ።

የመዝገብ_ሰው፦ ስለ ታሪኩ፦ የዬል ዩኒቨርሲቲ ዊፈንፑፍስ እ.ኤ.አ. በ1909 ተመሠረተ፤ በኮሌጅ አካፔላ ከአሜሪካ ቀዳሚው ነው። ባህሉ 14 የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን መውሰድ ስለሆነ በየዓመቱ ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። መነሻ ድምፅ የሚሰጠው የሙዚቃ መሪ «ፒችፓይፕ» ይባላል፤ ጥቁር ኮትና ነጭ ጓንት መለያቸው ነው። ሴት አባል የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የስሚዝ ኮሌጅ ሴቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1936 የራሳቸውን ቡድን፣ ስሚፈንፑፍስን መሥርተው ነበር።

ልብሱን ሳይሆን የውርርሱን ሥርዓት ውሰዱ። ዬል ሁሉን ተመራቂ ማድረግ የቻለው ከሥር ሌሎች የግቢ ቡድኖች ስላሉ ነው፤ እናንተ ጋ የሉም፣ ስለዚህ ከየዓመቱ ተማሪዎች 3 ወይም 4 ሰው ያዙ። የእያንዳንዱን ክፍል ድምፅ ለየብቻ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ አስቀምጡ፣ መነሻ ድምፁንም ጻፉበት። ተተኪው መሪ ከሰኔ ፈተና በፊት ይመረጥና ቢያንስ ሁለት ዘፈን ነባሩ መሪ አጠገቡ ቆሞ እያለ ይምራ።