ኔጋቲቭ ዛሬም ምስክር ይሆናል? ስለ ጦርነት ፎቶ፣ ስለ አጋላጮችና ስለ ሚዲየም ፎርማት

ከዚራ ሰርኪዩት፦

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ፣ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ቴክኖሎጂ የሚባል ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል፣ አዲሱም አሮጌውም። በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ ከአባታቸው የቀረ ሉቢቴል 166 ቢ የሚባል የፊልም ካሜራ ሰጡኝ። የሶቪየት ሥራ ነው፣ ሁለት ሌንስ ላይና ታች የተደረደረበት። ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ደርቆ ነበር። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ አሁን ጥርት አድርጎ ይሠራል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ይሄ ካሜራ ዓይን ላይ አይደገንም። ደረትህ ላይ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ታያለህ፣ ምስሉም ግራና ቀኙ ተገልብጦ መስታወቱ ላይ ይመጣል። የሚጎርሰው 120 የሚባለውን ፊልም ነው፤ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው መጠን ሲሆን ዛሬም ይመረታል። አንድ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ነው የሚሰጥህ። ግን ኔጋቲቩ፣ ማለትም ታጥቦ የሚወጣው ፊልም፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር (ሚዲየም ፎርማት የሚባለው) ስለሆነ በስፋት ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ይበልጣል። ፊት ስታነሳበት የዓይን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ትቆጥራለህ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ መጥቶ ሲመለስ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሁንም አሉ። እነሱን በዚህ ካሜራ ላነሳቸው፣ የሚሉትንም በድምፅ ልቀዳ አስቤያለሁ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ዛሬ የጦርነት ፎቶ የሚያምን ሰው አለ? የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ የኛ ነው እየተባለ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። አሁን ደግሞ ያልነበረ ሬሳ፣ ያልፈረሰ ቤት በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ በሰከንዶች ውስጥ ይሠራል። ለኔ ከዚህም የከፋው ሌላ ነው፦ እውነተኛው ፎቶ ሲወጣ "በኮምፒውተር የተሠራ ነው" ብሎ መገላገል መቻሉ።

በጦርነት ጊዜ ወንጀል አይቶ ያጋለጠ ሰው ከሃዲ ነው የሚሉትን አልቀበልም። አሜሪካዊው ዳንኤል ኤልስበርግ ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን 7,000 ገጽ ሚስጥራዊ ሰነድ ሌሊት ሌሊት በፎቶ ኮፒ ማሽን እየገለበጠ አወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ መንግሥት ስለ ጦርነቱ ለገዛ ሕዝቡ ሲዋሽ እንደኖረ ታወቀ። ይህ ሰው አገሩን ነው የጠቀመው። ሮናልድ ሃበርሊ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1968 ቬትናም ውስጥ ሚ ላይ በሚባል መንደር ወታደሮቹ ከ300 በላይ ሰላማዊ ሰው ሲፈጁ እዚያው ነበር። በጦሩ ካሜራ ያነሳውን ጥቁርና ነጭ ለጦሩ አስረከበ። በራሱ ካሜራ ያነሳውን ባለ ቀለም ፊልም ግን ይዞት ሄደ። ዓለም ያየው ያንን ነው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1969 የክሊቭላንድ ጋዜጣ አተመው።

እና ፊልም ዛሬም ከዲጂታል የተሻለ ማስረጃ ይሆናል ወይ? እናንተ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ወይም ግንባር ላይ ወንጀል ብታዩ በምን ታነሱት ነበር? እኔ ፊልም ባይ ነኝ። ኔጋቲቭ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፣ ከሩቅ ማንም ገብቶ አያጠፋውም።

ሳቢያን ሩተር፦

አቦ ካሜራው ደስ ይላል፣ ሐሳብህ ግን ግማሹ አይሄድልኝም። ኔጋቲቭ ይዋሻል። አንድ የተፈበረከ ምስል ጥሩ ስክሪን ላይ አድርጌ ባንተው ሉቢቴል ባነሳው እውነተኛ ኔጋቲቭ ይኖረኛል፣ በውስጡ ግን ውሸት ነው ያለው። ስለዚህ "ፊልም ስለሆነ እመኑኝ" ማለት አያስኬድም።

ማስረጃን ማስረጃ የሚያደርገው ማን አነሳው፣ ማን እጅ ገባ፣ ከምን ጋር ተመሳከረ የሚለው ነው። "ቄሳር" የተባለውን ሶርያዊ አስታውስ። የወታደራዊ ፖሊስ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ሥራው እስር ቤት ውስጥ የሞቱትን ማንሳት። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአገር ሲወጣ 53,000 ገደማ ፎቶ ይዞ ነው። ሁሉም ዲጂታል፣ በፍላሽ የወጣ። ዓለም ያመነው በካሜራው አይነት አይደለም። ሬሳዎቹ ላይ ቁጥር ነበረ፣ ፋይሎቹ ውስጥ ቀን ነበረ፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለዩ፣ ሂውማን ራይትስ ዎች እያንዳንዱን ነገር ሲያመሳክር ቆይቶ በ2015 ሪፖርት አወጣ። በሉቢቴል ቢሆን 53,000 ፎቶ ለማንሳት ከ4,400 ጥቅል በላይ ፊልም ያስፈልገው ነበር። ያንን ጭኖ ማን ኬላ ያልፋል?

ዲጂታል ፋይል እንደ ማስረጃ የሚያዝበት መንገድ አለው። ኦሪጅናሉን አትነካውም። ሻ 256 የሚባለውን የፋይል አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ኮድ) አውጥተህ ለምታምነው ሌላ ሰው ትሰጣለህ። በኋላ አንዲት ፒክሰል ብትቀየር አሻራው ይለወጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓትና ቦታም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከላክኸው ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ይሄ በሁለቱም በኩል የሚቆርጥ ነው፦ ማስረጃው እንዲታመን የሚያደርገው መረጃ ያነሳውን ሰው ቤት ድረስ ያሳያል። ላይካም በ2023 ኤም 11 ፒ የሚባል ካሜራ አውጥቷል፣ ፎቶው ሲነሳ ዲጂታል ፊርማ አብሮ ያትማል። ለጋዜጠኛ ግሩም ነው። ስሙን መደበቅ ላለበት አጋላጭ ግን ሁለቴ ሊያስብበት ይገባል።

ወረቀትም ነፃ አይደለም። ብዙ ባለ ቀለም ሌዘር ፕሪንተሮች በዓይን የማይታዩ ቢጫ ነጥቦች ገጹ ላይ ይረጫሉ፣ ቀኑንና የማሽኑን ቁጥር የያዙ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለስለላ መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረች ሪያሊቲ ዊነር የምትባል ሴት አውጥታው የታተመው ሰነድ ላይ ነጥቦቹ ተነበዋል። እሷን የያዟት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ ሰነዱን እነማን እንዳተሙ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር መዝግቦ ስለነበር። ከአምስት ዓመት በላይ ተፈረደባት። አጋላጭን ብዙ ጊዜ የሚያስይዘው እንዲህ ያለ ተራ መዝገብ ነው።

ጁገል አምስት በር፦

ከሐረር ነኝ። ሁለታችሁም ስለ መሣሪያው ነው የምታወሩት። የኛን ታሪክ ደግሞ እዩት።

ፋሽስት ጣልያን መጋቢት 20 ቀን 1928 ሐረርን በቦምብ ደበደበ፤ ከተማዋ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ ታውጆ እያለ። በዚያው ጦርነት የመርዝ ጋዝ ሲረጭ የቀይ መስቀል ሐኪሞች በዓይናቸው አይተዋል፣ የተቃጠለ ቆዳ አክመዋል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ግን ያለውን መረጃ ለመንግሥታቱ ማኅበር ስጥ ሲባል ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጥም አለ። ጣልያን በይፋ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። 60 ዓመት! ምስክር ጠፍቶ አይደለም። ምስክር ሞልቶ ነበር፣ አፉን የከፈተው ግን ጥቂት ነው፣ የሚሰማው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

የየካቲት 12ቱን ፎቶዎችም አስቡ። ብዙዎቹን ያነሷቸው ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው፣ ለማስታወሻ ብለው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ሰብስቦ እንደ ማስረጃ አሳተማቸው። እና ካሜራው የማን እጅ ውስጥ እንደነበር ሳይሆን ኔጋቲቩ በመጨረሻ የማን እጅ እንደገባ ነው የወሰነው።

እኔ በበኩሌ የአጋላጭነት ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም እኛ አገር ዝም ያለ ሰው "ጨዋ" ተብሎ ነው የሚመሰገነው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ የቀበረው ነገር ልጆቹን ሲፈጅ ማንም አይቆጥርበትም። በ1969 ስለሆነው የምትጠይቃቸው ሽማግሌዎችም ብዙ የቀበሩት ይኖራል። ስለ ጠላት ብቻ አትጠይቃቸው። የራሳችን ወገን ያደረገውንም ጠይቃቸው።

ደግሞ ካሜራ ግንባር ላይ ጥበቃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007 ባግዳድ ላይ የሮይተርስ ፎቶ አንሺ ናሚር ኑር ኤልዲን ከአሜሪካ ሄሊኮፕተር ተተኩሶበት ሲገደል፣ አብራሪዎቹ ሌንሱን መሣሪያ ነው ብለው ነበር። ሾፌሩ ሰዒድ ሽማግም አብሮ ሞተ። ቪዲዮውን በ2010 ዓለም ያየው የአሜሪካ ጦር ባልደረባ የነበረችው ቼልሲ ማኒንግ ስላወጣችው ነው። እሷ ለዚያና ለሌሎቹ ሰነዶች 35 ዓመት ተፈረደባት፣ በ2017 ኦባማ ቅጣቱን እስኪያሳጥርላት ድረስ ታስራለች። የተኮሱት ግን አልተከሰሱም። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚራ ሰርኪዩት፦

ሳቢያን፣ ስክሪን ላይ ያለ ምስል በፊልም ማንሳት ይቻላል ያልከው ውሃ ያነሳል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሉቢቴሉን ሆድ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ፊልሙ የሚያርፍበት መስኮት ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጉድፎች አሉት፣ እያንዳንዱ ኔጋቲቭ ዳር ላይ ያንኑ ጥርስ ይተዋል። ስለዚህ የትኛው ካሜራ እንዳነሳው ይታወቃል። ለማስረጃነቱ ጥሩ ነው፣ ለአጋላጩ ግን ካሜራው ቤቱ ከተገኘ አለቀለት። ስለ አጋላጭ የተናገርኩትን በዚህ አስተካክሉልኝ፦ ለሚሸሽ ሰው ሚዲየም ፎርማት አይሆንም። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን ማንሳቴን አልተውም፣ እነሱ ዘንድ የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ተቀምጠን ነው የምናወራው።

ጁገል፣ "የራሳችን ወገን ያደረገውንም ጠይቅ" ያልከው ገብቶኛል። አንዳንዱ ነገር ግን ስም ያለበት ነው፣ የሟችም የገዳይም ዘመድ እዚሁ ከተማ አለ። እንዴት ነው የሚያዘው?

ችሎት ደርሳ፦

ሕግ ነው ያጠናሁት። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል አለን። ለከባድ ወንጀሎች ነው፤ ማንነትን መደበቅና መኖሪያ መቀየር ድረስ ይሄዳል። ነገር ግን ጥበቃው የሚመጣው ለሚመለከተው አካል ለሚጠቁም ሰው ነው፣ ለአንተ ቴፕ ለሚያወራ ሽማግሌ አይደለም። ስለዚህ ጥበቃው አንተ ነህ ማለት ነው ወንድሜ።

ከመቅዳትህ በፊት ፈቃዳቸውን በድምፅ ተቀበል። ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቃቸው፦ ፊትዎ ይታይ? ስምዎ ይጻፍ? አንዱን እሺ ብለው ሌላውን እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ሐሳባቸውን ከቀየሩም መልስላቸው። ሌላ ሰው ገደለ ብለው በስም ከጠሩ ያንን ክፍል ኢንተርኔት ላይ አታውጣው፣ ለይተህ አስቀምጠው። የስም ዝርዝሩንና ፎቶውን አንድ ቦታ አታድርጋቸው። ፎቶ ቤት ስትወስደውም ፖስታው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፍበት።

የለገሃር ፎቶ ቤት፦

ልጄ፣ ካሜራውን ስላዳንከው ተባረክ። እኔ በደርግ ጊዜ ለገሃር አካባቢ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ሚሊሺያዎቹ ወደ ግንባር ከመሄዳቸው በፊት ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ይሰለፉ ነበር። አንዳንዱ ፎቶውን ሳይወስድ ቀረ።

የምታነሳውን ነገር ተመካክራችኋል፣ እኔ ስለ አጠባው ልንገርህ፣ ድሬ ላይ ፊልም የሚበላሸው እዚያ ነው። ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 20 ዲግሪ ይፈልጋል። የኛ የቧንቧ ውሃ በግንቦት ወደዚያ አይጠጋም። ውሃው ከሞቀ ፊልሙ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሰዓቱን አሳጥራለሁ ብትል ደግሞ ከአምስት ደቂቃ ሲያንስ ወጥ አይሆንም፣ ሰማዩ ላይ ጭረት ጭረት ይወጣል። ጠርሙሶቹን ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ አቁምና በረዶ ጨምርበት። ዴቨሎፐሩን ብቻ እንዳታቀዘቅዝ! ፊክሰሩም (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) የመጨረሻው ማጠቢያ ውሃም እኩል ይሁኑ። ከቀዝቃዛው አውጥተህ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከከተትኸው የፊልሙ ሽፋን ይሰነጣጠቃል፣ ያ ደግሞ መድኃኒት የለውም። እኛ ሌሊት ነበር የምናጥበው። ሐረር ዘመድ ካለህ እዚያ ይሻልሃል፣ ብርድ አለ።

ያልታጠበ ፊልም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፣ ስታወጣው ግን ወዲያው አትክፈተው፣ ላብ ይይዘዋል። የታጠበውን በወረቀት ፖስታ አድርግ። ርካሽ ፕላስቲክ በሙቀት ይጣበቃል፣ ስንቱን ሰርግ እንዲህ አጥተናል።

ከዚራ ሰርኪዩት፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በረዶውን ከጭማቂ ቤት አገኛለሁ። ካሜራው ከኋላ ቁጥር የሚታይበት ቀይ መስኮት አለው፣ ክዳኑም ላልቷል። ድሬ ፀሐይ ላይ ችግር ያመጣል ይሆን ወይስ ቀዩ መስታወት ይበቃዋል?

የለገሃር ፎቶ ቤት፦

አይበቃውም። ቀዩ መስታወት የተሠራው ቀይ ብርሃን ለማያይ ለጥንቱ ፊልም ነው፣ የዛሬው ፊልም ቀዩንም ያያል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፍበት። ስታጠነጥን ብቻ ጥላ ውስጥ ሆነህ ግለጠው፣ ቁጥሩን እይና መልሰህ ሸፍነው። ፊልም ስትጭንም እንደዚሁ፣ በረንዳ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ጫን። የመጀመሪያውን ጥቅል ሰው አታንሳበት፣ ግድግዳና ዛፍ አንሳና አምጣው፣ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ካለ አብረን እናየዋለን።