4 ዲስክ አለኝ፤ ሬይድ 5 ላድርገው ወይስ ሬይድ 6?

ጦሳ_ስር፦
ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰርግና ምርቃት እንቀርጻለን። እስካሁን ፋይሉን በየሃርድ ዲስኩ እየበተንኩ ነበር የማስቀምጠው። ባለፈው ጥር አንዱ ዲስክ ቀጥ አለ፣ የሁለት ሰርግ ቪዲዮ ይዞብኝ ሄደ። የአንዷ ሙሽራ እናት ሱቅ ድረስ መጥተው ሲያለቅሱ ያየሁትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ቆጥቤ 4 ዲስክ የሚይዝ ናስ (በኔትወርክ የሚሠራ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ገዛሁ፣ ባለ 4 ቴራ 4 ዲስክም አለኝ። ዲስኮቹን እንደ አንድ አጣምሮ ዲስክ ሲሞት ፋይሉን የሚያተርፈውን፣ ሬይድ የሚሉትን ላደርግ ነው። ሬይድ 5 ካደረግኩት 12 ቴራ አገኛለሁ። ሬይድ 6 ካልኩ 8 ቴራ ብቻ። አንድ ዲስክ ቢሞት ሬይድ 5ም ይችለዋል ይላሉ፣ ታዲያ ሁለተኛውን ዲስክ ለምን ልሠዋ? ደግሞስ ሬይድ ካለኝ ባክአፕ ይቀራል ወይ? መብራቱን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ኮምቦልቻ_ሰርቨር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ግን መቁጠር ያለብህ ቴራውን ሳይሆን አንዱ ዲስክ ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ተሞልቶ እስኪያልቅ ስንት ቀን ራቁትህን እንደምትቆይ ነው።

ሬይድ 5 እንዲህ ነው የሚሠራው። 3 ቁጥር አለህ እንበል፦ 3፣ 5 እና 7። አራተኛው ዲስክ ላይ ድምሩን 15 ትጽፋለህ። 5 ቢጠፋብህ ከ15 ላይ 3ን እና 7ን ትቀንስና ታገኘዋለህ። ይህ ድምር ፓሪቲ ይባላል፣ እውነተኛው ሒሳብ ሌላ ቢሆንም ሐሳቡ ይኸው ነው። ሁለት ቁጥር ከጠፋ ግን አንድ ድምር አያወጣህም። ሬይድ 6 ሁለተኛ፣ የተለየ ስሌት ይጨምራል፣ ስለዚህ ማንኛቸውም ሁለት ዲስኮች ቢሞቱ ፋይሉ ይመለሳል።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። ዲስክህ ዛሬ ማታ ሞተ። ሱቅ ዞረህ ልኩን ካጣህ ከአዲስ አበባ ታስመጣለህ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ገንዘብ ስትልክ፣ ዕቃው ሲጫን፣ እሁድ ሲገባበት ቀናት ይሄዳሉ። ዲስኩ ሲደርስ ደግሞ ማሽኑ የቀሩትን 3 ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፣ 12 ቴራ ማለት ነው። 3ቱ እኩል እየተነበቡ፣ እያንዳንዱ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየሄደ እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ እየሠራህበት ከሆነ ከዚያ በጣም ይረዝማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሬይድ 5 ምንም መጠባበቂያ የለውም። 4ቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ገዝተህ እኩል ካሠራሃቸው ደግሞ እርጅናቸውም ይቀራረባል። ብዙ ርካሽ ዲስኮች ወረቀታቸው ላይ በ12.5 ቴራ ንባብ እስከ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል ይላሉ። በተግባር ብዙዎቹ ከዚያ ይሻላሉ፣ እኔ ግን የሰው ሰርግ አላስይዝበትም። ሬይድ 6 አድርግ።

የሀይቅ_ልጅ፦
እኔ ሬይድ 10 እላለሁ። ያው 8 ቴራ ነው የሚሰጥህ። ዲስኮቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ኮፒ ይይዛል። አንዱ ሲሞት አዲሱ ከጥንዱ ብቻ ይገለበጣል፣ ሌሎቹን አያደክምም። ቪዲዮ በቀጥታ ከናሱ ላይ የምታቀናብር ከሆነ ሲጽፍም ይፈጥናል።

ኮምቦልቻ_ሰርቨር፦
ፍጥነቱ ላይ እውነትሽን ነው እህቴ። ግን አንዱ ከሞተ በኋላ ከቀሩት 3 አንዷ፣ ጥንዷ፣ ብትከተል ሁሉም ያልቃል። ሬይድ 6 የትኛዋም ብትሆን ይችላታል። ለማስቀመጫ ከሆነ አልለውጥም፣ በቀጥታ የሚያቀናብርበት ከሆነ ግን ያንቺ ይሻለዋል።

ወልድያ_04፦
ሁለታችሁም ስለ ዲስኩ እያወራችሁ ሰውየውን ረሳችሁት። ድሮ የሠራሁበት ቢሮ ሬይድ 5 ነበረን። አንድ ዲስክ ሞተ፣ ቀይ መብራቷ በራች፣ ክፍሉ ግን ተቆልፎ የሚውል ስለነበር ማንም አላየም። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው ተከተለና የሦስት ዓመት ሰነድ ሄደ። እባክህ ናሱ ችግር ሲኖር ኢሜይል እንዲልክልህ ዛሬውኑ አስተካክል፣ ከዚያም አንድ ዲስክ ራስህ ነቅለህ መልእክቱ መድረሱን ሞክር። ፋይል ሳትጭንበት ነው ታዲያ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ ከጠፋ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ስህተቱም ዲስክ የሞተ ቀን ነው የሚወጣው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዛ፣ በኬብል ከናሱ ጋር አገናኘው፣ ባትሪው ሳያልቅ ናሱ ራሱን እንዲያጠፋ። በወር አንዴም ዲስኮቹን ሙሉ አንብቦ ዳታውን ከፓሪቲው እንዲያመሳክር ናሱን እዘዘው።

የዲስኮቹን ዓይነትም እይ። ኤስኤምአር የሚባሉት መስመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ነው የሚጻፉት፣ የታችኛውን ለመቀየር የላይኛውን ማንሳት የግድ ነው። ሬይድ ሲሞላ እጅግ ይንቀረፈፋሉ፣ አንዳንዴም ዲስኮቹን የሚያዘው ኮንትሮለር እንደ ሞተ ዲስክ ይጥላቸዋል። መስመሩ የማይደራረበው፣ ሲኤምአር የሚባለው ይሁንልህ።

ባክአፑ ደግሞ አይቀርም። በስህተት ያጠፋኸውን ፋይል ሬይድ በሁሉም ዲስክ ላይ አብሮ ያጠፋዋል። ቫይረስ ቢቆልፈው አብሮ ይቆለፋል፣ ሌባ ናሱን ከወሰደው ሁሉም ሄደ። አንድ ኮፒ ከሱቁ ውጪ ይኑርህ።

ጦሳ_ስር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ የዲስኮቹን ሞዴል አንድ በአንድ አየሁ፣ ሁለቱ ኤስኤምአር ናቸው። ሻጩ በሲኤምአር ሊለውጥልኝ ተስማምቷል፣ ልዩነቱን ከፍዬ። የማቀናብረው ኮምፒውተሬ ላይ ስለሆነ ሬይድ 6 አደርጋለሁ። አምስተኛ ዲስክ ጨምሬ እገዛለሁ፣ ናሱ 4 ብቻ ስለሚይዝ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ያለቁትን ሰርጎች ደግሞ ውጪ ዲስክ ላይ ገልብጬ ወንድሜ ቤት ሀይቅ አስቀምጣለሁ። የቀረ ነገር አለ?

ኮምቦልቻ_ሰርቨር፦
መሳቢያ ከመግባቱ በፊት አምስተኛውን ሙሉውን ጽፈህ መልሰህ አንብበው፣ ከፋብሪካ ታሞ የመጣ ከሆነ አሁኑኑ ይለይልህ። ላዩ ላይ የገዛህበትን ቀን ጻፍ። ዩፒኤሱ ሳይመጣ ግን ፋይል መጫን አትጀምር።